የቪዛጋፓታም የቀንድ ሣጥን፦ ከመግዛት እስከ መጠገን

በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ዛሬ አንድራ ፕራዴሽ በሚባለው ግዛት የምትገኘው የወደብ ከተማ ቪሻካፓትናም በእንግሊዞች ዘመን ቪዛጋፓታም ትባል ነበር። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የንግድ ጣቢያ ያቋቋመባት ይህች ከተማ አስቀድማ የታወቀችው በጥጥ ጨርቋ ሲሆን፣ በኋላ ግን እንጨትን በዝሆን ጥርስ የሚያስጌጡ ባለሙያዎቿ ስሟን ከጨርቁ ገበያ ውጪም አስጠሩት። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ በጠቆረ እንጨት ላይ የዝሆን ጥርስ ቅርጾችን እየከተቱ ወንበርና ቁም ሣጥን ይሠሩ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም የዕቃውን ገጽ በሙሉ በስስ የዝሆን ጥርስ መሸፈን ያዙ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ደግሞ የውሃ ጎሽ ቀንድ፣ የዋላ ቀንድና የጃርት እሾህ ወደ ሥራው ገቡ። ገዢዎቹ የኩባንያው ሹማምንት፣ የጦር መኮንኖችና ቤተሰቦቻቸው ስለነበሩ የሣጥኖቹ ዓይነት የእንግሊዝ ቤት የሚፈልገው ነው፦ የስፌት ዕቃ፣ የሻይ ቅጠል፣ የደብዳቤና የጌጣጌጥ ማስቀመጫ። ለእነዚህ ዕቃዎች የሚሰጠው አንግሎ ኢንዲያን (የእንግሊዝና የሕንድ) የሚለው ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ የቪዛጋፓታም ሣጥኖች ለሕዝብ የቀረቡ ሲሆን፣ ዛሬም በዚያው ከተማ በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ምርጥ ናሙናዎችን ማየት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ሣጥን ለገዛ ወይም ሊገዛ ላሰበ፣ ሣጥኑንም በገዛ እጁ ለመንከባከብና ቀላል ጉዳቶችን ለመጠገን ለሚፈልግ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር የሣጥኑ ጉዳት ሁሉ ማለት ይቻላል ከአሠራሩ የሚመነጭ መሆኑ ነው። በእነዚህ ሣጥኖች ላይ ከዘመን ብዛት ይልቅ ቅን አሳቢ ባለቤት በእርጥብ ጨርቅ፣ በዘይትና በፈጣን ማጣበቂያ ያደረሰው ጥፋት ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ወደ ብሩሹና ወደ ኮላው ከመሄዳችን በፊት በአሠራሩ ላይ ትንሽ መቆየት ይኖርብናል።

ሣጥኑ እንዴት ተሠራ

ቀንድ ከጥፍራችንና ከፀጉራችን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ኬራቲን የተባለ ነገር ነው። በእንስሳው ራስ ላይ ከሚወጣ የአጥንት እምብርት ዙሪያ በስስ ንብብር ተደራርቦ ያድጋል፤ ሥሩ አጥንቱ ሲወጣለት ባዶ ሲሆን ጫፉ ግን ድፍን ነው። ከዚህ ጋር ሊምታታ የማይገባው ሳምባር የሚባለው የሕንድ ዋላ በየጊዜው የሚጥለው፣ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ሲሆን፣ እርሱ ከነጭራሹ ኬራቲን ሳይሆን አጥንት ነው። በነገራችን ላይ የአገራችን አጋዘን ቀንዱን የማይጥል በመሆኑ የሚመደበው ከበሬና ከጎሽ ጋር እንጂ ከሳምባር ጋር አይደለም። የቪዛጋፓታም ባለሙያዎች ሁለቱንም ይጠቀሙ ስለነበር በእጅዎ ያለው ሣጥን ከየትኛው እንደተሠራ መለየት የእንክብካቤው መጀመሪያ ነው፦ የጎሽ ቀንድ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው፤ የዋላ ቀንድ ደግሞ የግራጫና የቡና ዓይነት ሻካራ ቅርፊት ያለው ሲሆን፣ ባለሙያው ብዙ ጊዜ ያንን ቅርፊት ለጌጥ ሲል ሳይልገው ይተወዋል።

የጎሽ ቀንድ ከአጥንቱ የሚለየው በውሃ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ነው። ድፍኑ ጫፍ ተቆርጦ ለሣጥኑ እግርና ለክዳኑ ጉብጉብ መያዣ ይሆናል። ባዶው ክፍል በቁመቱ ተሰንጥቆ በፈላ ውሃና በእሳት ወላፈን እንዲለሰልስ ይደረግና በሞቁ የብረት ሳንቃዎች መካከል ተጨምቆ ይዘረጋል፤ ከሳንቃው የሚወጣውም እዚያው ቀዝቅዞ ሲደርቅ ብቻ ነው። ቀንድ ሲሞቅ እንደሚታጠፍና ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ እንደሚቀር የቀንድ ዋንጫ ሲሠራ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ተገዶ የተዘረጋ ቀንድ የተፈጥሮ ጥምዙን ጨርሶ አይረሳም። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞው ቅርጹ ለመመለስ ይሞክራል። ከዚህ በታች ስለ ማጽዳት፣ ስለ ማስቀመጥና ስለ ማጣበቅ የሚነገረው ምክር በአብዛኛው በዚህ አንድ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው።

የሣጥኑ አካል የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከሰንደል እንጨት ነው። ሰንደል ጥቅጥቅ ያለ፣ በቀላሉ የማይጣመም፣ ሽታውም ከመቶ ዓመት በላይ የሚቆይ እንጨት በመሆኑ ክዳኑ ሲከፈት የሚያውደው መዓዛ ራሱ የሣጥኑ አንድ ጌጥ ነው። በዚህ አካል ላይ ቀንዱ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ኮላ ይለጠፋል። በጣም የሚታወቁት ሣጥኖች ጎናቸውና ክዳናቸው ሆዳቸው ክብ በሆነ፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው በተደረደሩ የቀንድ ዘንጎች የተሸፈነ ነው፤ አንዱን ዘንግ ቀረብ ብለው ቢያዩት ወፍራም የሆነው የቀንድ ክፍል በሞረድ ተሞርዶ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ደግሞ እንደ ግማሽ ክብ ሆኖ መውጣቱን ይረዳሉ። የሣጥኑ ጠርዞች በሙሉ በቀጭን የዝሆን ጥርስ ጠፍር ይከበባሉ። በጠፍሩ ላይና በክዳኑ መሐል ባለው ገበታ ላይ አበባና ሐረግ በሾለ ብረት ይጫራል፤ ከዚያም ላክ የሚባለው፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ከጥቁር ቀለም ጋር ተዋሕዶ በሙቀቱ ይቀባበታል፤ ሲደርቅ ላዩ ይፋቅና በጭረቱ ውስጥ የቀረው ብቻ እንደ ቀለም ጽሕፈት ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህ ላክ በአልኮል የሚሟሟ መሆኑን ከአሁኑ ልብ ይበሉ።

በሌሎች ከተሞችም ተቀራራቢ ሥራዎች ስለነበሩ ሻጮች ሁሉንም በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። ከሱራትና ከቦምቤይ የሚመጡት ሣጥኖች የሚታወቁት ሳዴሊ በተባለው ጥቃቅን ሞዛይክ ነው፦ ከዝሆን ጥርስ፣ ከጥቁር እንጨት፣ ከቀንድና ከቆርቆሮ የተሠሩ ባለ ሦስትና ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጫጭን ዘንጎች በእቅፍ ይጣበቁና እቅፉ በአግድም በስሱ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ያንኑ የኮከብ ንድፍ ይዞ ይወጣል፤ ይህም ጥበብ ከፋርስ የመጣ ነው። ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ)፣ በተለይም ከጋል አካባቢ የሚመጡት ደግሞ የጃርት እሾህ በጥቁር እንጨት መካከል የተደረደረባቸውና የክዳናቸው ውስጥ በልዩ ልዩ የእንጨት ዓይነቶች ኮከብ ያጌጠ ነው። ሦስቱን መለየት ለዋጋም ለጥገናም ይጠቅማል።

ሲገዙ ምን ይመለከታሉ?

ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽርና የእጅ ባትሪ ይያዙ። በቅድሚያ ቀንዱን ያረጋግጡ፦ በባትሪው ብርሃን ላይ ስስ የሆነው ጠርዝ ወይም የተሰነጠቀው ክፍል ቡናማ ብርሃን ያሳልፋል፤ በማጉያው ሲታይም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጭረት መሰል መስመሮች ይኖሩታል፤ ሁለት ዘንጎችም ፈጽሞ አንድ ዓይነት ቀለም አይኖራቸውም። በፋብሪካ የተቀዳ ፕላስቲክ ግን ሁሉም ዘንግ አንድ ይሆናል፤ የቅርጽ ማውጫው መገጣጠሚያ መስመርም አንዳንድ ጊዜ በጎኑ ይታያል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢቦናይት የሚባል ጠንካራ ጥቁር ጎማም ለጌጣጌጥ ይውል ነበር፤ እርሱ ብርሃን ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ይሆናል፣ በእጅ ታሽቶ ሲሞቅም የድኝ ሽታ ይሰጣል። በጋለ መርፌ ወግቶ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ መፈለግ በየቦታው የሚመከር ዘዴ ቢሆንም በጥንታዊ ዕቃ ላይ የሚተወው ጠባሳ ስለማይጠፋ እንዲህ የሚያደርግ ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ነጩ ጠፍር የዝሆን ጥርስ ነው ወይስ ተራ አጥንት የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በላይ ለሕጉ ያስፈልጋል። አጥንት የደም ሥር ይተላለፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ስላሉት በማጉያ ሲታይ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጥቦች ወይም አጫጭር ሰረዞች ይታዩበታል። የዝሆን ጥርስ ግን እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም፤ በአግድም በተቆረጠ ገጽ ላይ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቅስት መስመሮች አሉት። የሣጥን ጠፍር በአብዛኛው የሚቆረጠው በቁመት በመሆኑ ግን እነዚያን ቅስቶች በየሣጥኑ መጠበቅ ትክክል አይደለም፤ ቀጭን፣ ሞገድ መሰል፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች ካዩ በቂ ነው።

ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው ያሽትቱ። የሰንደሉ ሽታ በሣጥኑ ውስጥ ካልተሰማ ውስጡ ቫርኒሽ ተቀብቶ ወይም አካሉ ከሌላ እንጨት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለውን ተነሺ መደብ አውጥተው ክፍልፋዮቹና ትናንሽ ክዳኖቻቸው መሟላታቸውን ይቁጠሩ፤ ከጎደሉ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ከመደቡ ሥርና ከማዕዘኖቹ ደቃቅ ዱቄት፣ የነፍሳት ቅርፊት ወይም ቀንዱ ላይ የተፋቀ የሚመስል ጎድጓዳ መንገድ ካገኙ ብል ወይም ቆዳ በል ጥንዚዛ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሁለቱም እጮች ሱፍ እንደሚበሉ ሁሉ ቀንድንም ይበላሉ። ቁልፉ የጠፋበትና የተቆለፈ ሣጥን በካቻቪቴ ለመክፈት አይሞክሩ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው በመቆለፊያው ዙሪያ ያለው የዝሆን ጥርስ ነው።

ስለ ሕጉ

የለማዳ የውሃ ጎሽ ቀንድ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተከለከለ አይደለም። ሣጥኑን በሕግ የሚያስይዘው የዝሆን ጥርሱ፣ አንዳንዴም ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራው ክፍል ነው። የእስያ ዝሆን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ፣ የአፍሪካ ዝሆን ደግሞ በ1989 በተላለፈው ውሳኔ ጥብቅ ጥበቃ ባለው የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በእንግሊዝ የ2018ቱ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከሰኔ 6 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከዕቃው ጠቅላላ ይዘት ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ከመሸጡ በፊት በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ጠርዙ ብቻ የዝሆን ጥርስ የሆነ የቀንድ ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በዚህ በር ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ደንብ በ2016 የጠበቀ ሲሆን፣ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ የየራሳቸው ተጨማሪ ሕግ አላቸው። ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ሰውም ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል መሆኗን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ስድስት ቶን የሚያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ማቃጠሏን ያስታውስና ሁለቱም አገሮች የሚጠይቁትን ፈቃድ ከጉዞው በፊት ይጨርስ። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ተጠቅልሎ የመጣ ሣጥን ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል፤ «ጥንታዊ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

የት ይቀመጥ?

ሰንደሉ፣ ቀንዱና የዝሆን ጥርሱ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ በተለያየ መጠን ያብጣሉ፣ ይሸማቀቃሉም። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ በወርዱ ይጠባል፤ በላዩ የተለጠፈው ግን አብሮት ስለማይጠብ ኮላው ይለቃል ወይም የዝሆን ጥርሱ ይሰነጠቃል። ተስማሚው አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመዋዠቁ ይበልጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት የቤት ማሞቂያ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቀን ከሌት የሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ የክፍሉን አየር ክፉኛ ሊያደርቁት ስለሚችሉ ሣጥኑን ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከማቀዝቀዣው ነፋስ ፊት ለፊትና ከመስኮት ሥር ያርቁ። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ በርካሽ ስለሚገኝ አንዱን ከሣጥኑ አጠገብ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። የቀጥታ ፀሐይ ቀንዱን ያነጣል፣ ያሰነጥቃልም፤ ሙዚየሞች እንዲህ ላሉ ዕቃዎች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ ዝቅ ያደርጉታል፤ ይህም በቤት ቋንቋ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ማለት ነው።

የነፍሳት ምልክት ያዩበትን ሣጥን ወዲያውኑ ለብቻው በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ ያግልሉት። ልብስን በበረዶ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ አቆይቶ ብልን መግደል የተለመደ ቢሆንም የዝሆን ጥርስ ያለበት ሣጥን እንዲህ አይደረግም፤ የዝሆን ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ አየሩን ከኦክስጅን በማጽዳት ነፍሳቱን ስለሚገድሉ ጉዳዩን ለእነርሱ መስጠት ይሻላል። ናፍታሊን ሣጥኑ ውስጥ መክተትም አይመከርም፤ ለጤና አይበጅም፣ የሰንደሉንም መዓዛ ይውጠዋል።

ጽዳት

ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይያዙና በሌላው እጅዎ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ቱቦ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ራቅ አድርገው ይያዙ፤ በዘንጎቹ መካከል ያለውን አቧራ በብሩሹ እየገፉ ወደ ቱቦው ይላኩ። በስስ ጨርቁ ላይ የሚቀር ነገር ካለ በጥንቃቄ ይዩት፤ አንዳንድ ጊዜ የተፈነቀለ የዝሆን ጥርስ ቁራጭ ይገኛልና። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ጽዳት አያስፈልግም።

ቅባትና ጥላሸት ካለ በቀጭን ዘንግ ላይ ጥጥ ጠቅልለው በዲስቲልድ ውሃ ያርጥቡትና በሌላ ጨርቅ ላይ ጨምቀው እርጥበቱ በእጅ እምብዛም እስከማይታወቅ ድረስ ይቀንሱት። በሚታይ ቦታ ሳይሆን በሣጥኑ ጀርባ ላይ ይሞክሩ። አንድ ዘንግ በአንድ ጊዜ እያጸዱ ወዲያው በደረቅ ጥጥ ይከተሉ፤ ጥጡ ጥቁር ሲያነሳ ቆሻሻ ነው ብለው ከመደሰት በፊት ግን ጭረቱ ውስጥ ያለው ላክ አለመሆኑን በማጉያው ያረጋግጡ። ላክ ከሆነ ያቁሙ። የላኩ ጌጥ ባለበት ቦታ አልኮል፣ ሽቶ፣ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽና የመስኮት ማጽጃ መድረስ የለባቸውም። ሳሙና፣ ሶዳ፣ አሞኒያና በረኪና ኬራቲንን ራሱን ያጠቃሉ። የወይራ ወይም የተልባ ዘይት ቀንዱን ለጥቂት ቀን ያወዘዋል፤ በኋላ ግን እየጠነከረና እየከረረ አቧራ የሚይዝ ሽፋን ይሆናል፣ በስንጥቁም ገብቶ ኮላ እንዳይይዝ ያደርጋል። ወዝ ለመመለስ ከፈለጉ ለጥንታዊ ዕቃ የሚሸጠውን ማይክሮክሪስታላይን ሰም በለስላሳ ጨርቅ እጅግ በስሱ ቀንዱን ብቻ ቀብተው ያሹት፤ የሰንደሉን ውስጥ ግን በምንም ነገር አይቀቡት።

የተነሣ ቀንድ መልሶ ማጣበቅ

ጫፉ የተነሣ ዘንግ የዚህ ሣጥን ዋና ሕመም ነው፤ ምክንያቱም ቀንዱ ወደ ጥምዙ ለመመለስ ሲታገል ኮላውን ቀስ በቀስ ይፈለቅቀዋል። በጣት ተጭነው ቢያዩት ወዲያው ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ በቀጥታ ኮላ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ በግድ የተጣበቀ ቀንድ ወይ ዳግመኛ ይነሣል ወይ ይሰነጠቃል። በቅድሚያ ቀንዱ መላላት አለበት። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ከወጣ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከሥሩ የረጠበ ጨርቅ አድርገው፣ ጨርቁን እንዳይነካ በወንፊት ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ሰዓት ይተዉት። ሲለዝብ በሁለት ለስላሳ ጣውላዎች መካከል፣ ከላይና ከታች መጣጭ ወረቀት ጨምረው፣ ቀስ በቀስ እየጠበቀ በሚሄድ ሞርሳ ይጫኑትና እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን አይንኩት። እንፋሎትና የፀጉር ማድረቂያ ሥራውን እንደሚያፋጥኑ የሚናገሩ አሉ፤ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ቀንዱን ምን እንደሚያደርጉት ከላይ ያነበበ ሰው ግን አይሞክረውም። ዘንጉ ገና ከሣጥኑ ጋር ተያይዞ በአንድ ጫፉ ብቻ ከተነሣና ግትር ከሆነ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፤ ሣጥኑን በሙሉ ማራስ አይቻልምና።

ኮላው ያው ጥንታዊው የእንስሳት ኮላ ወይም የዓሣ ኮላ ይሁን። የእንስሳቱ ኮላ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በሌላ የውሃ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። የዚህ ኮላ ትልቁ ጥቅም በእርጥበት መልሶ መፈታቱ ነው፤ ነገ የተሻለ ባለሙያ ሲመጣ የእርስዎን ሥራ ያለ ጉዳት ሊያነሣው ይችላል። በደቂቃ የሚይዙት ፈጣን ማጣበቂያዎችና ኤፖክሲ ግን በእርጥበት አይፈቱም፤ እነርሱ ያሉበትን ዘንግ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ቀንዱን ከነንብብሩ ይገነጥለዋል።

ከሥሩ ያለውን አቧራ በብሩሽ ያውጡ፤ አሮጌውን ኮላ በትንሹ በረጠበ ጥጥ አለስልሰው የላላውን ብቻ ይፋቁ። የቀረው ስስ ሽፋን ከአዲሱ ጋር ስለሚዋሐድ መጨነቅ አያስፈልግም። ኮላውን በቀጭን ብሩሽ በሰንደሉና በቀንዱ ጀርባ ላይ በስሱ ይቀቡ፣ ይግጠሙት፣ የተረፈውን ወዲያው በረጠበ ጥጥ ያንሡ። የዘንጉ ፊት ክብ በመሆኑ ጠፍጣፋ ሞርሳ አይይዘውም፤ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ የተቆረጠ ጎማ ከሥሩ ስስ ላስቲክ ተደርጎ በሣጥኑ ዙሪያ ቢጠመጠም እኩል ይጫነዋል። በጣም አያጥብቁት፤ የዝሆን ጥርሱ ጠርዝ ጎማው የሚያልፍበት ከሆነ በመካከሉ ታጥፎ የተደራረበ ጨርቅ ያድርጉ። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ቀንዱ ከሰንደሉ ሳይለቅ ራሱ በንብብሩ ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ ቀጠን ያለ የዓሣ ኮላ በጠብታ ከስንጥቁ አፍ ላይ ያድርጉ፤ ወደ ውስጥ በራሱ ይሳባል፤ ከዚያ በተመሳሳይ መንገድ ይጫኑት።

የጠፋውን በአዲስ መተካት

አንድ ሁለት ዘንግ የጎደለበት ሣጥን ሳይሞላ ቢቀመጥ ነውር የለውም፤ በእኔ ምርጫ ጉድለቱ በሣጥኑ ጀርባ ከሆነ ባይነካ ይሻላል። ክፍቱ ግን አጠገቡ ያሉትን ዘንጎች ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ መሙላት ተገቢ ነው። የጎሽ ቀንድ ለቢላዋ እጀታ ሠሪዎች ከሚሸጡ ቤቶች በተዘረጋ ቁራጭ መልክ ይገኛል፤ እርሱ ከታጣ የጠቆረ የበሬ ቀንድም ያገለግላል፣ ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ዥጉርጉር ስለሆነ ጥቁሩን ክፍል መምረጥ ያስፈልጋል። የጠፋውን የዝሆን ጥርስ በአዲስ የዝሆን ጥርስ መተካት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ በምትኩ የከብት አጥንት ወይም ቀለም የተቀላቀለበት ሙጫ ይሠራል።

የሚፈልጉትን ርዝመትና ወርድ ከአጎራባቹ ዘንግ በወረቀት ላይ ያትሙ። ከቀንዱ ጥቂት ተርፎ በጥሩ መጋዝ ይቁረጡ፤ የቀንድ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ መጋዙንም ቶሎ ቶሎ አይግፉት፤ ሲግል ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ይሆናል፣ ቀንዱም ዳር ዳሩን ይነጣል። ቁራጩ ጥምዝ ካለው በፈላ ውሃ ውስጥ እንደ ውፍረቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅለው በትኩሱ በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳ ይጭመቁትና ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ይተዉት፤ ይህ አዲስና ብቻውን ያለ ቁራጭ ስለሆነ ሙቀትና ውሃ እዚህ ላይ ብቻ ይፈቀዳሉ። ከደረቀ በኋላ ጀርባውን በጠፍጣፋ ሞረድ ያስተካክሉ፣ ፊቱን ወደ ግማሽ ክብ እየሞረዱ በየጊዜው ከጎረቤቱ ጋር ያመሳስሉ። የሞረዱን ጭረት በተሰበረ መስተዋት ስለት መፋቅ የቀንድ ሠሪዎች የቆየ ልማድ ነው፤ እጅን ላለመቁረጥ የብረት መፋቂያ ይሻላል። ከዚያ ከሻካራው ወደ ለስላሳው የብርጭቆ ወረቀት እየተሻገሩ ይልጉት፤ በመጨረሻም በእርጥብ ጨርቅ ላይ በተነሰነሰ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያሹት። አዲሱ ዘንግ ከአሮጌዎቹ የበለጠ ካበራ ማሸቱን ከአንድ ደረጃ በፊት ማቆም ነበረበትና በለስላሳው ወረቀት በትንሹ ያደብዝዙት።

ካጣበቁት በኋላ የትኛው ዘንግ እንደተተካ፣ በምን ኮላ እንደተጣበቀና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ አሲድ በሌለው ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው ከተነሺው መደብ ሥር ያስቀምጡ፤ የሕግ ምዝገባ ወረቀቱንም ቅጂ ከዚያው ጋር ያኑሩ፣ ሣጥኑ ሲሸጥ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ሁለቱም ይጠየቃሉ።